ታርጋ ያለው ጥርስ

ጥርስ እንደ ባጃጅ ታርጋ አለው ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ፊቱ ላይ እስቅበት ነበር። ኋላ ግን ታርጋውን የምመዘግበው እኔው ራሴ ሆንኩ። ይሄን የምጽፍላችሁም ከእነዚያ ታርጋዎች አንዱ በማላውቀው ሰው አፍ ውስጥ ተቀምጦ ስለመጣብኝ ነው።

መቅደስ እባላለሁ። የሐረር ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ከጀጎል ግንብ ውጪ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም። ቤት ቁጭ ማለት ደግሞ አልችልም፤ እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ይፋጅሻል እንዴ?» ትለኝ ነበር። አፌም እንደ እግሬ ነው። የመጣልኝን ሳላላምጥ ነው የምናገረው። በዚሁ አፌ የተነሳ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅና ከአንድ ካፌ ተባርሬ፣ በመጨረሻ ፈረስ መጋላ አጠገብ ያለ የጥርስ ክሊኒክ ተቀጠርኩ። ሥራዬ በር ላይ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ሰው መመዝገብ ነበር።

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ነጂብ ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠሩ፣ ላንቃ ላይ በሚያርፈው ሮዝ ፕላስቲክ ውስጥ ትንሽ ቁጥር ይቀብሩበታል። ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ስጽፍ የባለቤቱ ፎቶ፣ ስሙ፣ ሰፈሩ፣ የጥርሱ ቀለምና የጥርሱ ፎቶ ይመጣል። ጥርሱ ተሰብሮ ከተጠገነም እሱም ይጻፋል። ለምን ይሄ ሁሉ ትሉ ይሆናል። ሰው ጥርሱን የት እንደሚጥል አታውቁማ! ሠርግ ቤት እጅ ሲታጠብ ረስቶ የሚሄድ አለ። ሆስፒታል ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጦት አጠገቡ የተኛው በሽተኛ አድርጎበት የሚወጣበት አለ። አንዴ እንዲያውም ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ጥርስ ተጣልተው፣ ጥርሱን በፌስታል አንጠልጥለው «ፍረጂን» ብለው መጥተውብኛል።

የከተማው ሰው ይቀልድብን ነበር። አንድ ሥጋ ነጋዴ «የኔ ኮድ ስንት ነው?» ሲለኝ «የአንተማ ኮድ ሦስት ነው፤ ሥራው ጭነት ነው» ብዬው፣ ዶክተሩ ከውስጥ ሰምተው «መቅደስ!» ብለው ጮኹብኝ። እሳቸውም ግን ሲስቁ ሰምቻቸዋለሁ።

እናቴ ወይዘሮ አስካለም እዚያው ነው የላይኛውን ጥርስ ያሠራችው። ፎቶዋን ያነሳሁት እኔ ነኝ። «ሳቂ እንጂ እማዬ!» ስላት «ዘሎ ቢወጣስ?» ብላ፣ በራሷ ቀልድ ስትስቅ ያዝኳት።

ያን ሰሞን ቤታችን እንዲህ ነበር። እማዬ ኩላሊቷን ታማ አዲስ አበባ፣ ወንድሟ ጋሼ ታደሰ ዘንድ ለሕክምና ሄዳለች። ጎረቤታችን እማማ ዘነበች አስታማሚ ሆነው አብረዋት ሄደው ነበር፤ ኋላ «ታደሰ አለላት፣ እኔ ልጆቼን ልይ» ብለው ተመለሱ። እሳቸው ገና እዚያው ሳሉ ታላቅ እህቴ ሕይወት ወለደች። ወለደች ማለት ቀላል ነው፤ ልትሞትብን ነበር። የደም ግፊቷ ጣሪያ ነክቶ፣ አንቀጥቅጧት፣ በቀዶ ሕክምና ነው ልጁ የወጣው። ሐኪሙ ወደ ቤት ሲሸኛት እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «ለጥቂት ሳምንት ድንጋጤ እንዳይነካት። ግፊቷ ከተመለሰ አንጎሏ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል» አለኝ። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ አራሷን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ቀን ቀን የሰፈር ሴቶች እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ ማታ ማታ እኔ አለሁ።

ሕይወት በየቀኑ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። «እማዬ ደወለች?»

አልደወለችም። ስልኳ ዝግ ነው። ጋሼ ታደሰ ጋ ስንደውል አንዴ «ምርመራ ገብታለች»፣ አንዴ «አሁን ተኛች»፣ አንዴ ደግሞ «ኔትወርኩ…» ብሎ ድምፁ ይጠፋል። እናታችን ለልጁ ክርስትና እደርሳለሁ ብላ ቃል ገብታ ነበርና፣ «መምጣቷን ልታስደንቀን ይሆናል» እንባባል ነበር። እንግዲህ ሞኝነታችንን እዩት።

ማክሰኞ ነው። ጠዋት፣ ገና ክሊኒኩ ሰው ሳይሞላ፣ አንዲት ሻሽ ያሰሩ የገጠር እናት ገቡ። ስማቸው አዴ ሙሚና ነው፤ እዚህ እናቶችን በኦሮምኛ «አዴ» ብለን ነው የምንጠራው፤ ኤረር በር ድንችና ሽንኩርት ይሸጣሉ።

«ኢንታላ፣ ዶክተሩ አለ?» አሉኝ፤ «አንቺ ልጅ» ማለታቸው ነው።

«አሉ። ምንዎን አመመዎት?»

«ጥርሴን።»

«የትኛውን?»

«ሁሉንም!» ብለው ሳቁና፣ ጣታቸውን ወደ አፋቸው ከተው ሙሉ የላይኛውን ጥርስ ነቅለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። «ሥጋ ያስበላኛል፣ አልሐምዱሊላህ። በዚህ በኩል ግን ድዴን ላጠው። ትንሽ ይሞረድልኝ።»

«እኛ ነን የሠራንልዎት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አላህ ነው የሰጠኝ።»

«አላህ የጥርስ ክሊኒክ ከፈተ እንዴ?»

«አስተግፊሩላህ በይ፣ አንቺ ባለጌ!» አሉኝ፤ ግን በባዶ ድዳቸው ከእኔ ይበልጥ ሳቁ። ወደድኳቸው።

ጓንት አደረግኩ። ጥርሱን አጥቤ ፋሻ ላይ ዘረጋሁትና በማጉያ መነጽር ላንቃው ላይ ፈለግኩ። ቁጥር አለው። የኛ ነው። ቁጥሩን ጽፌ ጠበቅኩ። ያ ኮምፒውተር አርጅቶ ስለነበር ፎቶ የሚከፍተው ከላይ ወደ ታች፣ መጋረጃ እንደሚወርድ ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ የነጠላ ጫፍ መጣ። ከዚያ ግንባር። ከዚያ ግንባሩ ላይ ትንሽ የመስቀል ንቅሳት።

ድም! መብራት ጠፋ።

ጥቁሩን ስክሪን አፍጥጬ ቀረሁ። ንቅሳቱን አውቀዋለሁ። ግን ደግሞ በሐረር ግንባሯን የተነቀሰች ክርስቲያን እናት ስንት አለች? ብዙ አለች። እንዲህ ብዬ ራሴን ስሞግት ዘበኛው ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ ጓሮ ሲሄድ ሰማሁት።

«አዴ ሙሚና» አልኩ፣ «ይሄን ጥርስ ከየት አመጡት?»

«አልኩሽ እኮ። ሰደቃ ነው።»

«ጥርስ ሰደቃ ይሰጣል?»

«ልብስ ነው የተሰጠኝ፣ አንድ ሻንጣ ሙሉ። ሹራቡ ኪስ ውስጥ በመሐረብ ተቋጥሮ አገኘሁት። በጨውና በፍል ውሃ አጠብኩት፣ ቢስሚላህ ብዬ አፌ ውስጥ ከተትኩት፣ ገባ!» አሉ፤ አሁንም እንደተደነቁ ናቸው።

«ሹራቡ ምን ዓይነት ነው?»

«አረንጓዴ። ቁልፉ ትልልቅ።»

እማዬ ስትሄድ የለበሰችው አረንጓዴ ሹራብ ነው። ቁልፉን የቀየርኩላት እኔ ነኝ፤ ትልልቅ ብቻ ስላገኘሁ ተቆጥታኝ ነበር።

«ማነው ልብሱን የሰጠዎት?»

«ድንች የማወርድላት ደግ ሴት አለች፤ ክርስቲያን ናት። ዘነበች ትባላለች። ‹የሟች ልብስ ነው አዴ ሙሚና፣ ለነፍሷ ብለሽ ልበሺው› አለችኝ።»

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ኮምፒውተሩ እያቃሰተ ተከፈተ። ቁጥሩን እንደገና ጻፍኩ። መጋረጃው ወረደ፤ ነጠላ፣ ግንባር፣ ንቅሳት፣ ዓይን፣ እና ያ ሳቅ። እናቴ ነች።

ምን እንዳደረግኩ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። ወንበሩን ገልብጬ ተነስቼ «አንቺ ሴትዮ! ሌባ! እናቴ አልሞተችም! የት ነው የሰረቅሽው?» እያልኩ የአዴ ሙሚናን ሻሽ ጨምድጄ ይዤ ነበር አሉ። የእናቴ እኩያ የሆኑትን ሴት «አንቺ» ብዬ! እሳቸው ግን እጄን እንኳ አላስለቀቁም። «ወላሂ ኢንታላ ኮ፣ ወላሂ አልሰረቅኩም» ብቻ ይሉ ነበር።

ዶክተሩ እየሮጡ ወጡ። ገላገሉን። ነገሩን ሲሰሙ ጥርሱን አንስተው መብራት ላይ ያዙት።

«ዶክተር፣ ሦስቱን ስምንት ብዬ አንብቤው ይሆናል» አልኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተሳስቼ መገኘት የፈለግኩበት ጊዜ የለም።

ራሳቸው አነበቡት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የጥርሱን ፎቶ አጉልተው ከእጃቸው ላይ ካለው ጋር ጎን ለጎን አስተያዩ። በቀኝ በኩል፣ ከመንጋጋው ሥር፣ እናቴ የተጠበሰ በቆሎ ስትግጥ የሰነጠቀችውና እሳቸው የጠገኑት መስመር አለ። ፎቶው ላይም አለ። ጥርሱን መልሰው ፋሻው ላይ አስቀመጡት።

«የአስካለ ነው» አሉ። «ግን ስሚኝ። ጥርስ ጠፋ ማለት ሰው ሞተ ማለት አይደለም። ሻንጣው ተቀያይሮ ይሆናል። ደውዪ።»

ጋሼ ታደሰ ጋ ደወልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትኩት። ወዲያው አነሳው።

«ሃሎ መቅዲ! እንዴት ናችሁ? አራሷስ?»

«ደህና ናት። እማዬስ?»

«ዛሬማ በጣም ደህና ናት። ፈጣሪ ይመስገን!»

«ላናግራት።»

«ውይ! አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት።»

«ምግብ ትበላለች?»

«ኧረ ዛሬማ ጥብስ አማረኝ ብላ፣ አስመጥቼላት በላች።»

«በጥርሷ?»

«በምኗ ልትበላ ነው ታዲያ? በጥርሷ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። «ሙልጭ አድርጋ ነው የበላችው።»

ጥርሷ ፊቴ ነው። ነጭ ፋሻ ላይ፣ ከኮምፒውተሩ አጠገብ፣ እንደ እርጥብ ነገር ያብረቀርቃል።

ከሁላችን በፊት የገባቸው አዴ ሙሚና ናቸው። ሻሻቸውን ስበው አፋቸውን ሸፈኑና ቀስ ብለው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ያኔ እኔም አወቅኩ። ስልኩን ዘጋሁት። አላለቀስኩም። 

ዶክተር ነጂብ አጠገቤ ተቀመጡ። «አይግረምሽ መቅደስ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። «እኛ ሬሳ አናሳድርም። እናንተ ደግሞ መርዶ ታሳድራላችሁ።» ወዲያው «ይቅርታ» አሉ። ይቅርታ አላስፈለጋቸውም ነበር። እውነት ነው።

አዴ ሙሚና ጥርሱን ሊያዩት እንኳ አልቻሉም። «የእናትሽን አፍ በአፌ ውስጥ ይዤ ስስቅብሽ! ያ ረቢ!» እያሉ ወጡ። ለኤረር በር ገበያቸው ያመጡትን ድንች በራችን ላይ ረስተውት ነው የሄዱት።

ጥርሱን በፋሻ ጠቅልዬ ባጃጅ ያዝኩና እማማ ዘነበች ቤት ሄድኩ። በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። እሳቸው፣ የእድራችን ዳኛ አቶ ግርማና ሁለት ሴቶች ቁጭ ብለው ያወራሉ። ሲያዩኝ ንግግራቸው በመቀስ እንደተቆረጠ ቆመ። አቶ ግርማ «ድንኳኑን በተመለከተ» እያሉ ነበር፤ ወዲያው «ለክርስትናው ማለቴ ነው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው።

ፋሻውን መሃላቸው ፈታሁት።

እማማ ዘነበች አዩት። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ኪሱ! ኪሱን ሳልፈትሽ!»

«መቼ ነው?» አልኩ።

«ቁጭ በይ ልጄ።»

«መቼ ነው የሞተችው?»

«ሕይወት በወለደች በሦስተኛው ቀን» አሉ አቶ ግርማ።

«ማን ቀበራት?»

«ታደሰ። ዘመዶችም ነበሩ። እዚያው አዲስ አበባ። በሥርዓት ነው የተቀበረችው።»

«ልጆቿ ሳንቆም በምን ሥርዓት?»

 እማማ ዘነበች እያለቀሱ ነገሩኝ። ኦክሲጅን ሊያደርጉላት ሲሉ ነርሷ ጥርሷን አውልቃ ሰጠቻቸው፤ በመሐረባቸው ቋጥረው ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲያ ያን ሻንጣ መክፈት አቃታቸው። ቤታችን እንዳያመጡት አራሷ ታየዋለች። ቤታቸው እንዳያስቀምጡት በገቡ በወጡ ቁጥር ሻንጣው ያያቸዋል። ሰፈራችን ውስጥ ማንም ከማያውቀው ሰው ዘንድ ይሂድ ብለው ለአዴ ሙሚና ሰጧቸው። የጥርሱ ቁጥር እኔ ኮምፒውተር ላይ እንዳለ በምን ያስቡት?

«እሺ፣ ሕይወት አራስ ናት። እኔስ? እኔን ማን ወልዳ ተኝታለች አላችሁ?»

«አንቺማ አፍሽን እናውቀዋለን» አሉ አንዷ ሴት። «ከአራስ ጋር አንድ ቤት እያደርሽ! ብታውቂው ለአንድ ሰዓት አትይዢውም።»

አቶ ግርማ ብድግ አሉ። እኒያን የሚያህሉ ሰው ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሊነኩ ሲሉ ያዝኳቸው። «መቅደስ፣ ስለ ማርያም። እስከ ክርስትናው ብቻ። ማግስቱን ጠዋት እኛ መጥተን በወጉ እንነግራታለን። አሁን ብትሰማና አንድ ነገር ብትሆን፣ ደሟ በአንቺ እጅ ነው። ያ ሕፃንም።»

ስወጣ ሁሉ ነገር ወደ ኋላ ይታየኝ ጀመር። ገንፎ ይዘው የሚመጡት ሴቶች ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚሄዱ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉ ለምን ዓይናቸው እንደሚሞላ። አንዷማ ሕፃኑን ታቅፋ «አያቱን ይመስላል» ብላ ከተናገረች በኋላ እየሮጠች ወጥታ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ባለሱቁ ያውቃል። የማናውቀው የሞተችብን እኛ ብቻ ነን! እንዴት እንደተናደድኩ ልነግራችሁ አልችልም። ከሐዘኑ የቀደመው ንዴቱ ነው።

ግን ደግሞ ፈራሁ። ሐኪሙ ያለኝ ጆሮዬ ላይ ነው። ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ።

«ዶክተር፣ ሰው በድንጋጤ ይሞታል?»

«የእህትሽ ግፊት አሁን ስንት ነው?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እወቂ።» ጥርስ ከመንቀላችን በፊት ሰው የምንለካበትን የግፊት መለኪያ አውጥተው ሰጡኝ። አለካኩን ቀድሞ አስተምረውኛል። «ከፍ ካለ አፍሽን ዝጊ። ደህና ከሆነም ባጃጅ በራችሁ ላይ አቁሚ። መንገር አለመንገሩን እኔ አልወስንልሽም፤ የእናንተ ቤት ነው።»

መለኪያውን ይዤ ስሄድ «ለማወቅ ብቻ ነው፣ አልነግራትም» እያልኩ ነበር። እውነቴን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ልይዘው ቆርጬ ነበር።

ስገባ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሕይወት አልጋ ላይ ተደግፋ ልጁን ታጠባለች።

«ዛሬ ቶሎ መጣሽ። እማዬ ደወለች?»

«ክንድሽን ስጪኝ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የግፊት መለኪያ ነው። ከክሊኒክ ተውሼው ነው። ዝም ብዬ ልለካሽ።»

ጨርቁን ክንዷ ላይ ስጠመጥም ፊቴን አየችው። አላየኋትም፤ ግን ስታየኝ ይሰማኛል። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ አልጋ ላይ ያደግን ነን።

«መቅዲ።»

«አትናገሪ፤ ስትለኪ አይወራም።»

«አንቺ ዝም ብለሽ ምንም አድርገሽ አታውቂም» አለች። ድምጿ ወረደ። «እሺ። መጀመሪያ ለኪኝ። ከዚያ ትነግሪኛለሽ።»

ነፋሁት። ለቀቅኩት። በጆሮዬ የእሷ ልብ ይሁን የኔ የማላውቀው ምት ይደልቃል። አንዴ ለካሁ። አላመንኩም፤ ደግሜ ለካሁ። ደህና ነው።

«ደህና ነው?» አለች።

«ደህና ነው።»

«እማዬ ናት?»

ውሸት ፈለግኩ። ወላሂ ፈለግኩ። አንድ እንኳ አፌ ውስጥ አልነበረም።

«አዎ» አልኳት።

«ሞታለች?»

«አዎ።»

እንዳትጮህ አፏን ልይዝ እጄን ዘርግቼ ነበር። እሷ ግን ጭራሽ አልጮኸችም። አፏን በሰፊው ከፈተችው፤ ድምፅ አልወጣም። እንባዋ ልጁ ግንባር ላይ ይንጠባጠባል፣ ልጁ ይጠባል። ክንዷን እንደያዝኩ ነበር፤ ጨርቁ እንኳ አልተፈታም። እየደጋገምኩ ለካኋት። ከፍ አለ፤ ባጃጅ ልጠራ ተነሳሁ። «ቁጭ በይ» አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ቀስ እያለ ወረደ። ያን ጊዜ ነው እኔም ያለቀስኩት።

የሰማሁትን በሙሉ ነገርኳት፤ ጥርሱን፣ አዴ ሙሚናን፣ ጥብሱን። ጥብሱ ላይ ስደርስ ሁለታችንም ሳቅን። አዎ፣ ሳቅን። እያለቀስን ሳቅን፤ የፈለጋችሁትን በሉን።

ከዚያ ሕይወት ያላሰብኩትን ተናገረች። «ማወቄን ለማንም እንዳትነግሪ። ዛሬ ካወቁ ዛሬውኑ እንደ ጎርፍ ይመጣሉ። ይሄ ልጅ ኡኡታ እየሰማ አይጠባም። በቀጠሯቸው ይምጡ።»

እናም የማይይዘው አፌ ያዘ። ሴቶቹ ገንፎ ይዘው ሲመጡ ሕይወት ራሷ «እማዬ ጥብስ በላች አሉ» እያለች ትነግራቸው ነበር፤ እነሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እኔ ከጊደር መጋላ ገበያ ጥቁር ጨርቅ ገዛሁ፤ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ሁለት ቀሚስ አሰፋሁና ከሕፃኑ ልብስ ሥር ደበቅኩት።

ልጁ ክርስትና ተነሳ። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል የብዙ ሰው እግር ሰማን። አጥራችን ውጪ ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። አቶ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ በሩን ከፈተችው፤ ሕይወት። ጥቁር ለብሳ። ከኋላዋ እኔ። ጥቁር ለብሼ።

የአቶ ግርማ እጅ አየር ላይ ቀረ። እማማ ዘነበች ሊያወጡት የነበረውን ዋይታ መልሰው ዋጡት።

«ግቡ» አለች ሕይወት። «ልጁን ጎረቤት አስተኝተነዋል። አሁን ማልቀስ ይቻላል።»

ከዚያ ያን ሁሉ ቀን የያዘችውን ጩኸት ለቀቀችው። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም።

አንባቢዎቼ፣ ይሄ ከሆነ ቆየ። ጋሼ ታደሰ እስካሁን ሰላም አይለኝም። «መርዶ አበላሸች» ይለኛል አሉ። አዴ ሙሚና ለቅሶ ላይ መጥተው ሦስቱንም ቀን ጥግ ላይ አፋቸውን ሸፍነው ተቀምጠው ነበር። ጥርሱን ምን እናድርገው ስንባባል ሕይወት «መቃብሯ ሩቅ ነው፤ ጥርስ ደግሞ ለመብላት ነው» አለች። ዶክተሩ ሞርደውና ሞልተው ለአዴ ሙሚና ልክ አደረጉላቸው። ኮምፒውተሩ ላይ በዚያ ቁጥር ሥር አሁን ሁለት ስም አለ፤ ሁለተኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዴ ሙሚና መጀመሪያ ላይ እምቢ ብለው ነበር። አሁን ግን ኤረር በር ሳልፍ ከሩቅ አይተውኝ ይስቃሉ፤ እኔም ቆም ብዬ አያለሁ።

ሽማግሌዎቹን ክፉ ናቸው አልልም። አዝነውልን ነው። ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ የሰውን ሐዘን ስትደብቁለት ከሰፈሩ ሁሉ እሱን ብቻ ሞኝ እያደረጋችሁት መሆኑን እወቁ። የሟች ልብስ ስትሰጡም፣ ኧረ በፈጣሪ፣ ኪሱን ፈትሹ።

«እህትሽ ብትሞት ኖሮስ?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ያን ቀን ግፊቷ ሽቅብ ሲል ያየሁትን ቁጥር እስካሁን አልረሳሁትም።  ሌላ ቤት፣ ሌላ አራስ ቢሆን፣ ንገሩ ብዬ አልመክርም። እኔ የማውቀው የራሴን ነው። የእናቴን ሞት የሰማሁት ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። እህቴ ግን ክንዷን ከያዘ ሰው ሰማችው።